ድንጋዩን መገልበጥ

የፃግብጂ ልጅ ስለ ዓሣ ልጻፍ ብሎ ሲነሳ ሳቅ ሳያመልጣችሁ አይቀርም። አልፈርድባችሁም። በእኛ አገር ወሬው ዝናቡ፣ ፍየሉና ማሩ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ወንዝ በክረምት ደፍርሶ የሚያስፈራራ፣ በበጋ ድንጋዩን ብቻ ትቶ የሚሄድ ነበር።

እናላችሁ፣ ዓሣ ሲጠመድ በቅርብ ያየሁት ጎልምሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው። አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ መምህር ነበረን። ትምህርት ሲዘጋ “ባሌ እንሂድ” አለኝና ዲንሾ ድረስ ተከተልኩት። እዚያ በወይብ ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖራል። የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ነው።  ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይኖርም፤ የባሌ ደጋ ተስማማው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰውዬው ዘንጉን ይዘረጋል ብዬ ስጠብቅ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና ድንጋይ መገልበጥ ጀመረ። “እኛ አገር ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል” አልኩት። ሳቀና የገለበጠውን ድንጋይ ሆዱን አሳየኝ። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ቡናማ፣ ባለ ስድስት እግር ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ክንፍ የላቸውም።

ኒምፍ ይሏቸዋል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ሙሽራ፣ ልጃገረድ ማለት ነው። እኛም ስም አናጣላቸውም፤ ክንፍ ያላወጣውን አንበጣ ኩብኩባ እንለው የለ? እነዚህን የውሃ ኩብኩባ በሏቸው። ከእነዚህ ነፍሳት አንዳንዶቹ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ በድንጋይ ሥር ያሳልፉና ክንፍ አውጥተው ከውሃ በላይ የሚኖሩት አንድ ሁለት ቀን ነው። ትራውትም አብዛኛውን ምግቡን የሚለቅመው ከውሃው ሥር ነው። ሰው ግን የሚያየው ላይ ላዩን የሚበረውን ስለሆነ፣ ከላባና ከፀጉር የሠራውን የውሸት ዝንብ በውሃው ፊት ላይ ሲያንሳፍፍ ኖረ። ስኪውስ የሚባል የለንደን ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው መጽሐፍ “ከሥርም ይጠመድ” ብሎ ሲከራከር፣ ነገሩን ነውር ያሉት ጨዋ አጥማጆች ብዙ ነበሩ። ኋላ ደግሞ ፍራንክ ሶየር የሚባል የወንዝ ጠባቂ መጣ። የፌዛንት ወፍ ጭራና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ይዞ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ኒምፍ ሠራ። መዳቡ እንደ ክር ላባውን ያስራል፣ እንደ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ያሰምጠዋል። እግር እንኳ አላደረገለትም፤ ነፍሳቱ ሲዋኝ እግሩን እንደሚሰበስብ ውሃ ዳር ቆሞ አይቷላ!

ሰውዬው ሳጥኑን ከፍቶ “ምረጥ” አለኝ። እኔም ቀዩን፣ ወርቅማ ክር ያብለጨለጨበትን አነሳሁ። ምንም አላለኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስወረውር ስስብ፣ ዓሣ የሚባል ዞር ብሎ አላየኝም። በመጨረሻ “ለማን ነው የመረጥከው?” ሲል ጠየቀኝ።

ለራሴ ዓይን ነበራ!

አመራረጡን ያን ጊዜ አስረዳኝ። መጀመሪያ መጠኑ፤ ከድንጋዩ ሥር ካየኸው አይብለጥ። ቀጥሎ ክብደቱ፤ ውሃው ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ከበድ ያለ፣ ስስ ከሆነ ቀለል ያለ፤ ዓሣው ካለበት ጥልቀት ካልደረሰ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ቀለሙ ከሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው የውሃው መምጫ ትወረውርና ሳትጎትት ወራጁ እንደ ፍላጎቱ እንዲያመጣው ትተዋለህ። ዓሣው ሲጎርስ አይታይም። ክሩ ለአፍታ ቆም ይላል፤ ያቺን ቅጽበት ካላየህ ቀምሶ ተፍቶታል። ትንሿን ቡናማ አስሮልኝ ሳይመሽ አንዲት የስንዝር ትራውት ያዝኩ።

ይህንን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት! “አንባቢያችሁን ዕወቁ” ለማለት የምጠቅሰው ምሳሌዬ ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም ራሴን ዐዋቂ አድርጌ እወጣለሁ።

ከዓመታት በኋላ የእህቴ ልጅ ከፃግብጂ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ለትምህርት መጣ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። እኔ ሆዬ መጽሐፍ ቆለልኩለት። የምወዳቸውን ልቦለዶች፣ ምርጥ ምርጦቹን። ማታ ማታ “የት ደረስክ?” እለዋለሁ፤ አንገቱን ይደፋል። አማርኛው እንዲጠራለት ብዬ ከአማርኛ በቀር በቤቱ ሌላ ቃል አልተነፍስም። ዓመቱ ሲያልቅ ለእረፍት እንደሄደ ቀረ። “ውለታ ቢስ” አልኩት፤ ለእህቴም እንዲሁ አልኳት። ብዙ ጊዜ ተኳርፈን ኖርን።

ጦርነቱ መጥቶ እነሱም ከቀያቸው ተፈናቅለው፣ ከተመለሱ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጁ ጎልምሶ ከጓደኞቹ ጋር ተከዜ ላይ ዓሣ ያሰግራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ከኋላው ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል፤ ውሃ ለቸገረው የዋግ ወጣትም የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። አብሬው ወረድኩ። የመጀመሪያውን ዓሣ እንዳወጣ በቢላ ሆዱን ቀደደና የበላውን በጣቱ እየበተነ አየ።

“ምን ትፈልጋለህ?” አልኩት።

“የበላውን ነዋ፣ ጋሼ። ቆሮሶ ምግቡ ውሃው ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር ስለሆነ በመንጠቆ ብለፋ ብዙም አይዘኝለትም፤ መረብ ይሻላል። አምባዛ ግን ያገኘውን ነው የሚውጠው። ሳላይ ብጥል ልፋት ብቻ ነው።”

ዲንሾ አልሄደ፣ እንግሊዛዊ አላስተማረው! ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ያወራሁትን፣ ቤቴ ለመጣ አንድ ልጅ ሳላደርገው ቀረሁ። ድፍረት አገኘሁና “ያኔ እኔ ዘንድ ሳለህ ምን ጎደለብህ?” ስል ጠየቅኩት።

መረቡን እያጠፈ ዝም አለ። ቆይቶ፣ “ቋንቋዎት ኽምጣና አይደለም እንዴ፣ ጋሼ? ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በእሱ አላናገሩኝም። እኔማ የረሱት መስሎኝ ነበር” አለኝ።

አልረሳሁትም። እናቴ ያስተማረችኝ ቋንቋ ነው፤ ሕልሜንም አልፎ አልፎ የማየው በእሱ ነው። ያን ዕለት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ወሬ ጀመርኩለት፣ በኽምጣና። ምላሴ ተሳሰረ፤ አንዳንዱ ቃል ጠፋኝና እሱ አቀበለኝ። ያ አንገቱን ሲደፋ የማውቀው ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት አወራ።

ያመጣሁለትን መጽሐፍ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። የሚቀጥለውን ከመምረጤ በፊት ገና የምሰማው ብዙ አለ።