ከሶዶ ገበታ እስከ አንጎል ድረስ

ከሆሳዕና ወዲህ መንገዱ ግራና ቀኙን በእንሰት ይታጀባል። ሶዶ ስንገባ ዳሞታ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሶ ነበር፤ ከከተማዋ ጋር ፍቅር የያዘኝ ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው። ዳገታማ ናት፣ አፈሯ ቀይ፣ ሰዎቿ እንግዳ ሳይበላ ሲሄድ የማይወዱ።

የተቀበሉን እናት ትኩስ ቆጮ፣ የተቀቀለ ቦዬ፣ አይብና ዳጣ አቀረቡ። ዳጣው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ የተወቀጠበት ነው፤ መጀመሪያ ምላስን፣ ቀጥሎ ጆሮን ያነዳል። «ብላ እንጂ ልጄ፣ ምን ነካህ?» ይላሉ በየመሀሉ። እኔ ግን (የሙያ ነገር ገበታ ላይም አይለቅም) ቆጮው ወዴት እንደሚሄድ እያሰብኩ ነበር።

ስታርቹ ሆድ ውስጥ ግሉኮስ ይሆናል። ከክብደታችን ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ የሆነው አንጎል፣ ዐርፈን ስንቀመጥ ከምንፈጀው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ለብቻው ይወስዳል። የትኛው ሰፈሩ ምን ያህል እንደሚበላ ለማየት ራዲዮአክቲቭ ስኳር ለሰው የተወጋው በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ነው። ስኳሩ ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ተሠርቶ በአውሮፕላን ፊላደልፊያ ደረሰ፤ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው አባስ አላቪና ባልደረቦቹ የአንጎል ምስል አነሱበት።

ብልሃቱ ያስደስታል። ኤፍዲጂ የተባለው ይህ ስኳር ግሉኮስ መስሎ ሴል ይገባል፤ የመጀመሪያው ኤንዛይም ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ወዲያ አይቃጠልም፣ በቀላሉም አይወጣም። ሥራ የበዛበት ሰፈር ብዙ ያጠራቅማል። በላዩ ያለው ፍሎሪን 18 የሚተፋው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለት ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈተለካሉ፤ ፔት የተባለው የምስል መሣሪያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይይዝና መነሻቸውን ያሰላል። መጠኑን በቁጥር ለማወቅ ግን ምስሉ አይበቃም፤ ስኳሩ ከደም እንዴት እየቀነሰ እንደሄደ ደም ደጋግሞ እየቀዱ መለካት ያስፈልጋል። የስሌቱን መሠረት ሉዊስ ሶኮሎፍ በአይጦች ላይ ሠርቶ በ1977 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ አልዛይመር የሚጠረጠርበት ሰው ሲመረመር፣ የአንጎሉ የጎንና የኋላ ላይኛ ክፍሎች ደብዝዘው ሊታዩ ይችላሉ።

ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት አዲስ አበባ ተሠርቶ በእኛ መኪና ተጭኖ ቢሆን ኖሮ፣ በስድስት ሰዓት መንገድ ሶዶ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ነበር። ፍሎሪን 18ን የሚያመርተው ሳይክሎትሮን ሆስፒታል አጠገብ እንዲሆን የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህን ሳጫውታቸው እናትን የገረማቸው ሌላ ነገር ሆነ፤ ታማሚው የራሱ ስኳር ከተወጋው ጋር እንዳይሻማ ለሰዓታት ምግብ አይቀምስም፣ ከተወጋም በኋላ ጸጥ ባለና ብርሃኑ በደከመ ክፍል ይተኛል።

«ሰው ቤት ሄዶ እየተራበ?» አሉና ቦዬ ጨመሩልኝ።