ብስክሌቴ ገብስ አይበላም!

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ በብስክሌት ያደግሁ። በ2011 ዓ.ም. ለሥራ እንጅባራ ስመደብ ባለ ማርሽ ብስክሌቴን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ፣ የዝውውር ማመልከቻዬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ዳንግላን አልፈን ብርዱ ሲቀበለኝ፣ «ስድስት ወር አልሞላም!» ብዬ ማልኩ።

ምን ልበላችሁ! ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከፍታዋ 1800 ሜትር ገደማ። እንጅባራ ግን ከ2500 ይበልጣል። በመጀመሪያው እሁድ ዘንገናን፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረውን ያን ክብ ሐይቅ፣ ላይ ብዬ ስወጣ ዳገት ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ወርጄ ስገፋ አንድ ፈረሰኛ ሽማግሌ ደረሱብኝ።

«ልጄ፣ ያንተ ፈረስ ገብስ አይበላም እንዴ?»

«አይበላም አባቴ።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ ጌታውን የሚያስገፋ!» ብለው ሳቁና ቤታቸው ወሰዱኝ። ድንች ተቀቀለ፣ ጠላ ተቀዳ። ከዚያ ወዲያ እሁዴ የእሳቸው ሆነ፤ አገውኛም ትንሽ ትንሽ ለመድኩ። ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ የእሳቸውን ፈረስ ልጓም ይዤ ከቤተሰቡ ጋር ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ ያረጀውን ማመልከቻ ያን ዕለት ማታ ቀደድኩት።

ወዳጆቼ! ራቅ ያለ ቦታ ስትመደቡ ዓርብ በመጣ ቁጥር ወደ ቤታችሁ አትሩጡ። አገር የሚለመደው በእሁድ ነው።