ከሸራው ሥር ያለው አቧራ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ይህን የምጽፈው አንቺ ከጎን ክፍል ተኝተሽ ሳለ ነው። ነገ ጎሕ ሲቀድ ባጃጁን አስነሥተሽ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግረሽ ሥራ ትጀምሪያለሽ። በአፌ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ጠዋት ደግሞ የእናትሽ የምርቃት ጊዜ ነው።

የመንገዱን ሕግ መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ተምረሻል። እኔ የምነግርሽ 30 ዓመት የኖርኩበትን፣ ቀለምን ነው። ያ ባጃጅ የአንቺና የወንድምሽ የሦስት ዓመት እቁብ ነው። ዛሬ ፊት ያሳያል። ከፋብሪካ የመጣ ቀለም በምድጃ የበሰለ ስለሆነ፣ እኛ ጋራዥ ቀብተን በአየር የምናደርቀው አይተካውም። አንዴ ከሄደ ሄደ።

ባጃጅ ተራ ስትቆሚ ያረጁትን ልብ ብለሽ እያቸው። የኋላ ሸራው በሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቡናማ መሥመር ይዟል። የበሩ መንጠቆ የሚነካውም ቦታ እንዲሁ ነው። የሚያየው ሰው ተገጭቶ ይመስለዋል። አልተገጨም፤ ሸራና ላሜራ ሲተሻሹ ከርመው ነው።

ሸራ ለስላሳ ነው፣ ብቻውን ቀለም አይቆርጥም። የሚቆርጠው በመካከል የሚገባው አቧራ ነው። በበጋ አንድ ቀን ኮረኮንች መንገድ ላይ ከዋልሽ፣ ከቀለም የሚጠነክር ደቃቅ አሸዋ ሸራው ሥር ይገባል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሸራው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አሸዋውም ከሥሩ ሆኖ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። የመኪና ቀለም ከነፕራይመሩ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ አንድ የደብተር ቅጠል ማለት ነው። ከተማችን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐዩም አይምርም። የሸራውን ጠርዝ እያደረቀ እንደ ካርቶን ያደርገዋል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃው ይመጣል። በተፈገፈገው ቦታ ገብቶ ላሜራውን ያገኘዋል። ሸራው ሥር ያለ እርጥበት ፀሐይ አያየውም፣ ነፋስ አይነካውም፤ ዝገቱ በቀለሙ ሥር እየሳበ ይሄዳል። ከላይ እንደ ችፍታ አብጦ ስታዪው ከታች ከተበላ ቆይቷል። የጣናን ታንኳ ቀዛፊዎች አስቢ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ እንዳይከብድና እንዳይበሰብስ፣ ሥራ ሲጨርሱ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል። ውሃ ላይ የሚውል ዕቃ እንኳ የመድረቂያ ሰዓት አለው።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ ጣሪያው የሚነሣ ጂፕ አመጣልኝ። በጋውን ጣሪያው ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ከርሟል። ቦዲውን አጥቤ፣ ሰም ቀብቼ፣ ጣሪያውን መልሼ በብሎን አሰርኩት። የጣሪያውን የጎማ ጠርዝ ግን አላጠብኩትም፤ ከሥር ነው፣ ማን ያየዋል አልኩ። በሁለት ወሩ ሰውየው ተመልሶ መጣ። ጣሪያውን ስናነሣው በቦዲው ዙሪያ እንደ ማረሻ ፈር ያለ መሥመር ተሥሏል፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይገባል። በነፃ መልሼ ቀባሁለት። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም መኪና ሳጥብ የምጀምረው ከማይታየው በኩል ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ባጃጁ አዲስ ሳለ ስቲከር ቤት ሂጂና ሸራው በሚያርፍበት፣ መንጠቆው በሚነካው ቦታ ሁሉ ወፍራም፣ ቀለም የሌለው ስቲከር አስለጥፊ። አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ፤ አቧራ ሥሩ ከቀረ ሌባን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መተኛት ነው። ወደፊት ጋራዥ የተቀባ ቦታ ካለ ግን ቀለሙ እስኪጠና አንድ ወር ያህል ታገሺ፤ አለበለዚያ ስቲከሩ ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። መንጠቆውን ራሱን በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልዪው። ከመነዳሪውን ቦዲው ላይ አታጣብቂ፤ ጥቁር ጎማ በፀሐይ ሲግል እድፍ ይተዋል፣ ውሃም ይይዛል።

ሸራውን ስታስሪ ወጠር አድርጊው፤ የላላ ሸራ በነፋስ እየተማታ ቀኑን ሙሉ ይፈትጋል። በሮቹን ስታወልቂ ወደ ላይ አንሺ እንጂ በቦዲው ላይ አትጎትቺ።

ቅዳሜ ማታ ሸራውን ፈትተሽ ጠርዙን ግለጪ። መጀመሪያ ውሃ አፍስሺበት፤ በደረቅ ጨርቅ ከጀመርሽ አቧራውን በገዛ እጅሽ እየፈተግሽበት ነው። ከዚያ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ። የጎማውን ጨርቅ ከቦዲው ጨርቅ አታቀላቅዪ። የሸራውንም የውስጥ ጎን እጠቢ፣ ሳይደርቅም አትመልሺው። ደግሞ አደራሽን፣ ሐይቁ ዳር ወርደሽ አትጠቢ። ዘይቱም ሳሙናውም የሚገባው ዓሣ የምንበላበት ጣና ነው፤ እምቦጩ ያስጨነቀው ይበቃዋል። ቤት አንድ በርሜል ውሃ ይሞላልሻል።

ጫር ያለ ቦታ ካየሽ ዛሬ ነገ አትበዪ። ጥፍር የምታህል ቁስል በእኔ እጅ የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ ክረምት ካሳለፈች ላሜራ መቁረጥና ብየዳ ትጠይቃለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባጃጁን ጠዋት አንቺ፣ ከሰዓት ወንድምሽ ትነዱታላችሁ። ተዋዳችሁ እንዳደጋችሁ አውቃለሁ። ግን ተጠጋግቶ የሚውል ነገር ሁሉ በመካከሉ አቧራ ይገባዋል። ነዳጅ ሳይሞላ መለሰው፣ የዛሬው ገቢ አነሰ፣ ጎማውን ሁልጊዜ የማስነፋው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ደቃቅ ነው፣ ለብቻው ሰው አያጣላም። እኔና አጎትሽ በአንድ ጋራዥ ስንሠራ ትንንሹን ነገር «ይለፍ» እያልን ስምንት ዓመት ቆየን፤ በዘጠነኛው በአንድ ጣሳ ቀለም ተለያየን። የለየን ጣሳው አልነበረም።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሸራውን አብራችሁ ፍቱት። አንዳችሁ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላችሁ ይጠብ። ሸራው እስኪደርቅ የሒሳቡ ደብተር ይከፈት፤ የከፋው ከፍቶኛል ይበል፣ የተሳሳተው ይቅርታ ይጠይቅ። ሸራው ሲደርቅ አብራችሁ እሰሩት።

ከመነዳሪውን በልኩ ቆርጬ ከመቀመጫሽ ሥር አስቀምጬልሻለሁ። አራት ቁራጭ ነው፣ ለአራቱ መንጠቆ።

የባሕር ዳሩ ጊዮርጊስ ከፊትም ከኋላም ይጠብቃችሁ።

አባትሽ