በጉዞ ላይ ስለሚያገለግል የመብራት ሞተር

የቁልቢ ገብርኤል በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። ከቀራንዮ ሰፈር ተነሥቶ ወደዚያ የሚጓዘው ማኅበራችን ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በአውቶቡስ ሄዶ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት በድንኳን ስለሚያድር፥ አባቶቻችን «የመብራት ሞተር» ይሉት የነበረውን፥ ዛሬ ሁሉም ጄኔሬተር የሚለውን መሣሪያ ይዞ ይሄዳል። ይህን ሞተር የመምረጥና የማሠራት ተግባር ለእኔ ከተሰጠኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮም ሌሎች ማኅበራት ምክር ስለ ጠየቁኝ፥ የማውቀውን በዚህ ገጽ ላይ ላሰፍረው ወደድሁ።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ራሱ ወደ አገራችን የገባው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ያበራው ጄኔሬተር እንደ ነበረ ይነገራል። ያን ጊዜ ለንጉሥ ብቻ የተቻለው ነገር ዛሬ አንድ ጐልማሳ በአንድ እጁ አንሥቶ አውቶቡስ ላይ የሚጭነው ዕቃ ሆኗል።

በአሜሪካ አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ በዕረፍቱ ወራት መኝታውም ማእድ ቤቱም በውስጡ ያለ ትልቅ መኪና እየተከራየ ከነቤተ ሰቡ ይዞራል። የዚያ መኪና መብራት የሚመጣው ከጎኑ በብረት ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ጄኔሬተር ነው። የእኛን ጉዞ ሲሰማ፥ «ጋሼ፥ አንድ ደኅና ሞተር ከዚህ ልላክልዎ» አለኝ። አመሰገንሁትና እንዳይልክ ነገርሁት። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን፥ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ ሞተር የእኛን መብራትና የድምፅ ማጉያ እንደሚገባ አያሠራም። ከውጭ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ስጦታ ከመቀበሉ አስቀድሞ ይህን ቢጠይቅ ደግ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር ሁልጊዜ የሚነሣው ስለ ትልቅነቱ ነው። የማኅበራችን ሙሴ ቸር ሰው ናቸውና፥ «ትልቁን ግዛና እንገላገል» ይሉኛል። እኔ ግን ወደ መርካቶ ከመሄዴ በፊት በወረቀት ላይ ሒሳብ እሠራለሁ። ስምንት አምፖሎች፥ እያንዳንዳቸው 10 ዋት፥ 80 ዋት ይሆናሉ። የድምፅ ማጉያው 200 ዋት ያህል ነው። ሃያ ስልክ በአንድ ጊዜ ቢሞላ ሌላ 200 ዋት ይጨመራል። ድምሩ 500 ዋት አይሞላም። ወይዛዝርቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲሄድ ቢጠይቁም፥ አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ፥ ለእርሱ ሲባል ሞተሩ ስድስት እጥፍ ማደግ አለበት። ድርቆሽና በሶ፥ ዳቦ ቆሎም ከቤት ተሰናድቶ ቢመጣ ይሻላል። ማቀዝቀዣም በታኅሣሥ አያስፈልገንም፤ ወራቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቶሎ የሚበላሽ ወተትም ሥጋም አንይዝም።

በዚህ ሒሳብ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም የአገራችን ከፍታ ነው። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። በአዋሽ በረሓ፥ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ በሆነበት፥ በደኅና የሚሠራው ሞተር ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በቁልቢ ሲደክም ተበላሸ ብለው የሚፈቱት አሉ። አልተበላሸም። በሣጥኑ ላይ 2,000 ዋት ተብሎ የተጻፈው በእኛ በቀራንዮ ሲቀሰቀስ ወደ 1,500 ዋት ይወርዳል። ከዚያም ላይ አምስተኛውን ያህል ለመጠባበቂያ ትቶ ማሠራት ለዕድሜው ይበጀዋል። ለእኛ እንግዲህ ባለ 1,000 ዋቱ ሞተር ይበቃል ማለት ነው።

ከዓይነቱ ደግሞ ኢንቨርተር ያለውን እመርጣለሁ። ተራው ጄኔሬተር አንድ አምፖልም ቢያበራ ብዙም ቢያበራ በአንድ ፍጥነት እየጮኸ ይዞራል፤ ኢንቨርተር ያለው ግን ሥራው ሲያንስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ድምፁም ነዳጁም ያንሳል። ዋጋው በእርግጥ ይከብዳል። ነገር ግን ሌሊት ሰዎች ለጸሎት በሚቆሙበትና ሕፃናት በሚተኙበት ሰፈር የሚጮኽ ሞተር ማቆም ለጎረቤት ድንኳንም በደል ነው። አምስት ስድስት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ግን ሞተር ይግዛ አልልም፤ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ለመብራቱና ለስልኩ ይበቃዋል።

ማሠራቱ ከባድ አይደለም። ዘይቱን ከመቀስቀስ በፊት ማየት፥ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ እስኪሞቅ ምንም አለመሰካት፥ ለማጥፋትም አስቀድሞ ሁሉን መንቀል ነው። ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው። በጀሪካን ነዳጅ መቅዳት ፈቃድ ስለሚያስጠይቅ፥ ይህን ከጉዞው ቀን አስቀድሞ መጨረስ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጢሱ ነው፤ የሚያስፈራውም በሐምሌ ነው። በታኅሣሥ ሞተሩን በሜዳ ላይ ቢያቆሙት የሚነካው የለም። በሐምሌ ዝናም ሲመጣ ግን የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ሞተሩ እንዳይረጥብ ወደ ድንኳን ማስገባት። አንድ የሐምሌ ሌሊት፥ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ ሳለሁ፥ ወጣቶቹ እንደዚሁ አድርገው ሞተሩን በድንኳኑ መግቢያ ሥር አስጠግተውት ቆዩኝ። ስመለስ አንዲት እናት ተነሥተው ተቀምጠዋል። «ምን ሆኑ እማማ?» ብላቸው፥ «ብርድ መታኝ መሰለኝ ልጄ፤ ራሴን ፈለጠኝ፤ ያጥወለውለኛል» አሉኝ። አጠገባቸው የተኛችው ልጅም ቀስቅሰናት እሺ አላለችም። ወዲያው ሞተሩን አጥፍተን፥ ድንኳኑን ከሁለት ወገን ገልበን፥ ሁሉንም በዝናሙ ውስጥ አወጣናቸው። ልጅቱ ነፋስ ሲያገኛት ነቃች፤ ሁለቱንም በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ወሰድናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ።

በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው የሚሞትበት መርዝና ከሞተር የሚወጣው መርዝ አንድ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። መልክም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ አየር በሚሸከመው ነገር ላይ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፥ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱን ሳያውቀው ያልፋል። በደጋ አገር ደግሞ አስቀድሞ ኦክሲጅኑ ያነሰ በመሆኑ ጉዳቱ ይፈጥናል። ድንኳን ነፋስ ያስገባል ብሎ መተማመንም አይገባም፤ ዝናም የነካው ሸራ ይጠብቃልና። አውቶቡሱም መስኮቱ ሲዘጋ እንደ ቤት ነው።

ስለዚህ ከዚያች ሌሊት በኋላ አራት እንጨትና አንድ ቆርቆሮ ጨምረን እንጭናለን። ቆርቆሮው ለሞተሩ ብቻ ጣሪያ ይሆነዋል፤ አራቱም ጎኑ ክፍት ነው። ከድንኳኑም ከአውቶቡሱም ከስድስት ሜትር ያላነሰ ይርቃል፤ የጢሱ መውጫ ወደ ሰው ሳይሆን ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዞራል። ለዚህ ስንል አሥር ሜትር የሚሆን ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ገዝተናል። ሰዎች ሁሉ ሲተኙም ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ለሚነሣ ሰው ባለ ባትሪ ፋኖስ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል።

ከጉዞ ስንመለስ ቤንዚኑን ከታንከሩም ከካርቡራተሩም እናፈስሳለን፤ ወራት የቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ዘይቱም በሚቀጥለው ጉዞ ፊት ይለወጣል። ሞተሩ የሚቀመጠው በቀራንዮ በአንድ አባላችን ግቢ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ለቅሶ ወይም ሠርግ ያለበት ጎረቤት ይዋሰናል፤ እኛም እንሰጣለን። የሚወስደው ሰው ግን አሥር ሜትሩን ገመድ አብሮ ይረከባል፤ እርሱን ትቶ ሞተሩን ብቻ ለሚጠይቅ እንቢ እንለዋለን።