ሐምሌ በስቫልባርድ፦ ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

የአርክቲክ «የበጋ» የመርከብ ጉዞ ገና ከስሙ ሰው ያሳስታል። ፈረንጅ በጋ የሚላቸው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ጃንጥላና ቦቲ የሚወጣባቸው ወራት ናቸው። ለዚህ ጉዞ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰውም «በጋ» የሚለውን ትቶ «ክረምት» ብሎ ቢያስብ ይሻለዋል። አብዛኞቹ መርከቦች የሚነሱባት የኖርዌይዋ ስቫልባርድ ከተማ፣ ሎንግየርቢየን፣ በሐምሌ አማካይ ሙቀቷ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ ግን ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ ጨርሶ አትጠልቅም። ስለዚህ ጥቁር መነጽርና የዓይን መሸፈኛ ከጓንትና ከሱፍ ኮፍያ ጋር አብረው ይታሸጋሉ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ትልቅ ካፖርት ፍለጋ ነው። ገንዘቡ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቹ አነስተኛ የአሰሳ መርከቦች ወፍራም ጃኬት ይሰጣሉ፤ ቦቲም ያውሳሉ። ሳይጠይቁ መግዛት ሻንጣ መሙላት ብቻ ነው። ደግሞስ በዚህ ወቅት ዋናው ጠላት ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። መርከቧ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ ተጓዡ በጎማ ጀልባ ተጭኖ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ይደርስና እግሩን ውኃ ውስጥ አሳርፎ ይወርዳል። የተራራ ጫማ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው እስከ ጉልበት የሚደርስ ተራ ቦቲ ነው። ውኃ የማያስገባው ሱሪ ደግሞ ከቦቲው ውጪ ይወርዳል። በሐምሌ ጭቃ ሱሪውን ቦቲ ውስጥ መጠቅጠቅ የለመደ ሰው እዚህ መገልበጥ አለበት፤ አለዚያ ማዕበሉ የረጨው ውኃ ሱሪውን ተከትሎ ቁልቁል ካልሲው ውስጥ ይጠራቀማል። ቦቲው ሰፋ ማለትም አለበት። ጠባብ ቦቲ ውስጥ ሁለት ካልሲ የደረበ ሰው ካልደረበው ይልቅ ይበርደዋል፤ የሚያሞቀው በመሐል ያለው አየር ነውና።

ጥጥን በተመለከተ ድርድር የለም። ለደጋ ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል። ጋቢ ለደረቅ የሌሊት ብርድ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ጥጥ ነው። ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የሰውነትንም ሙቀት ይወስዳል። ጂንስም ያው ነው። ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል፤ ቶሎም አይሸትም። ቀጭን የሱፍ የውስጥ ልብስ ሁለት ካለ ለአሥር ቀን ይበቃል። በላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ልብስ ይደረባል። መርከቧ ውስጥ ሞቃት ስለሆነ እዚያ ቲሸርት ይበቃል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ከሱቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1845 የእንግሊዙ ጆን ፍራንክሊን የሰሜን ምዕራብ የባሕር መንገድን ሊያገኝ በሁለት መርከቦች ወጣ፤ 129 ሰዎች አለቁ። በ1859 ፈላጊዎቻቸው በበረዶ ላይ እንዲጎተት የተሰናዳ አንድ ጀልባ አገኙ። ውስጡ የሐር መሐረብ፣ ነጠላ ጫማ፣ ማበጠሪያ፣ ሳሙናና የብር ማንኪያ ነበረ። የገደላቸው ልብስ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ሞት ፊት ለፊት እየታየ የብር ማንኪያ መጎተት ምን ዓይነት ትምህርት እንደነበራቸው ይናገራል። ኖርዌጂያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ከ1903 እስከ 1905 እዚያው አካባቢ ሲከርም የኔትሲሊክ ኢኑዊቶችን ጠየቀ። የካሪቡ አጋዘን ቆዳ በሁለት ድርብ፣ የውስጠኛው ጠጉር ወደ ገላ፣ የውጨኛው ወደ ውጪ፣ ሰፋ ተደርጎ እንደሚለበስ ከእነሱ ተማረ። መንገዱንም በ1906 ጨርሶ ወጣ። ዛሬ «ሌየሪንግ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ሐሳብ በመሠረቱ የእነዚያ ሴቶች የመርፌ ሥራ ነው።

የዘመኑ ጥያቄ ደግሞ ጫማው ሶል ላይ ነው። ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ስቫልባርድ የገቡ 259 መንገደኞችን ጫማ ሲመረምሩ 1,019 ዘሮች አገኙ። ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በዚያው በደሴቶቹ የሙቀት መጠን ሲሞከሩ በቀሉ። ስለዚህ የጉዞ ኩባንያዎቹ ማኅበር ሰው ከቤቱ ሳይነሳ ሶሉን እንዲቦርሽ፣ ኪሱንና የጃኬቱን ተለጣፊ ማሰሪያ ሁሉ እንዲያጸዳ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፈረንጅ ቅብጠት ያየዋል፤ አይደለም። እዚያው ሎንግየርቢየን አጠገብ ተራራ ተቦርቡሮ በ2008 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ አለ። የአዲስ አበባው የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የመኖ ዘር ቅጂዎች ሳይቀሩ በዚያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ተኝተዋል። በካርቶን ታሽጎ ተመዝግቦ የሚገባ ዘር አለ፤ በሶል ተጣብቆ የሚገባም አለ። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ የኋለኛው የመብቀል ዕድሉ ይሰፋል። በኦገስት 2024 የደሴቶቹ አየር ማረፊያ አማካይ ሙቀት 11 ዲግሪ ደርሶ ክብረ ወሰን ሰብሯል።

በረዶው በመሳሳቱ መርከብ በዛ፤ የመርከቡ ጭስ ደግሞ በረዶውን ያሳሳል። ይህን በሱፍ ካልሲ መሸፈን አይቻልም። ኖርዌይ ግን ዝም አላለችም። ከጥር 2025 ጀምሮ በተጠበቁት አካባቢዎች ከ200 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ አይገባም፤ መውረድም የሚፈቀደው በ43 ቦታዎች ብቻ ነው። በብዙ ሺህ ዶላር ትኬት የሚቆርጥ ሰው መርከቡ ስንት ሰው እንደሚጭን መጠየቁ ከጃኬቱ ቀለም ይቀድማል።

በነገራችን ላይ፣ የቤት ጫማ ወይም ወፍራም ካልሲ አይረሳ። በሎንግየርቢየን ብዙ ሆቴሎችና ሙዚየሙ በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ልማዱ የመጣው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ጥቁር አቧራ ይዘው ቤት እንዳይገቡ ነው። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ጫማውን ሲያወልቅ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ሌላው ቱሪስት ግን የተቀደደ ካልሲውን ሲደብቅ ይታያል።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሌላም የሚያየው ነገር አለ። ስቫልባርድ ራሷ በ1920ው ስምምነት ምክንያት ቪዛ አትጠይቅም። ይህን ሰምቶ የሚደሰት ብዙ ነው። መንገዱ ግን በኖርዌይ በኩል ነው፤ ደሴቶቹ ደግሞ ከሸንገን ክልል ውጪ ናቸው። ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ወደዚያ የበረረ ሰው ከሸንገን ወጥቷል፤ ሲመለስ እንደ አዲስ ይገባል። ሻንጣው ሳይዘጋ ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ማየት ነው፤ 01 የሚል ከሆነ መመለሻ የለውም።