ሊዮን ላይ ምን በላሁ?

ከፈረንሳይ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። 18 ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ የሚያገኘኝ የድሮ ተማሪ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ምን ሲበሉ ከረሙ?» ስለ ኤፍል ታወር የጠየቀኝ የለም። ደግ አደረጋችሁ፤ እኔም የሄድኩት ሊዮን እንጂ ፓሪስ አይደለም። ለአሥር ቀን ሥልጠና ነበር። ምሳና እራት በራሳችን ስለነበረ በየቀኑ ምግብ ቤት መግባት ግድ ሆነ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሥርዓቱን ልንገራችሁ፣ የሚሄድ ይጠቀምበታል።

ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ላይ ደርሶ «የተገኘውን ስጡኝ» ማለት በብዙዎቹ ቤቶች አይሠራም፤ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ስትገቡ ከምንም በፊት «ቦንዡር» በሉ። ያለ ሰላምታ ማዘዝ ነውር ነው፤ ይሄ እንኳ ለሀበሻ አይከብድም። ዘው ብሎ መቀመጥ የለም፤ ስንት እንደሆናችሁ ትናገራላችሁ፣ አስተናጋጁ ያስቀምጣችኋል። የምግቡ ዝርዝር ከነዋጋው ደጅ ላይ ተለጥፏል፣ ኪሳችሁን አማክራችሁ ነው የምትገቡት። የቧንቧ ውሃና ዳቦ በነፃ ይመጣል። የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ጉርሻ ስል ቲፑን ነው፤ የእጁን ጉርሻማ ማን ያውቀዋል!

አሁን ወደ ምግቡ። ሊዮን «ቡሾን» በሚባሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች የታወቀች ናት። ጠረጴዛው ጠባብ፣ ሰዉ ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት፣ ሞቅ ያለ ቤት ነው። ከሚታወቁበት ምግብ አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሆድ ዕቃ! አዎ፣ ጨጓራና አንጀት። እኔ ያዘዝኩት «ታብሊዬ ደ ሳፐር» የሚሉትን ነው፤ በነጭ ወይን ተዘፍዝፎ በዳቦ ዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ የበሬ ጨጓራ። ድሮ የከተማዋ የሐር ሸማኔዎች ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው ጠዋት የሆድ ዕቃ በወይን ይበሉ ነበር፣ ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ጠዋት በዱለት ቀኑን የሚጀምር የኮልፌ ሰው ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ክትፎ ወዳጆቼም አትጨነቁ፣ «ስቴክ ታርታር» አለላችሁ፤ ጥሬ ሥጋ ተከትክቶ ከጥሬ የእንቁላል አስኳል ጋር። ቅቤና ሚጥሚጣ የለውም እንጂ ዘመዳችሁ ነው። ብቻ አሳማ በየቦታው ስላለ «ፖር» የምትለዋን ቃል ሳትይዙ አትሂዱ።

ዓርብ ዕለት ግን ተፈተንኩ። ሰላጣ ልዘዝ ብል የሊዮን ሰላጣ አሳማና እንቁላል ያለበት ነው። ምስር አየሁና ደስ ብሎኝ ጠየቅኩ፤ በክሬም የተሠራ ነው አሉኝ። ምስርን በጾም ቀን ያስፈሰኩ ሰዎች! ዳቦና የወይራ ፍሬ በልቼ አደርኩ።

የምጽፍላችሁ ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም።

እዚያ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው፣ ሰፈሩ እዚሁ ከእፎይታ ገበያ ጀርባ የነበረ ልጅ ነው። አሁን ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢ ነው። «ና እራት እንብላ፣ አንተ የምታውቀው ቤት ውሰደኝ» ስለው ሳቀ። «ቲቸር፣ እኔ የማውቀው የጓሮውን በር ነው» አለኝ። እዚያ ከተማ ስንት ዓመት ሲኖር አንድም ቀን ቡሾን ውስጥ እንደ ደንበኛ ተቀምጦ አያውቅም።

ተያይዘን ገባን። ልጁ ዓይኑ ከምግቡ ይልቅ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ነው። በልተን ስንጨርስ እጁ በልማድ ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረ፤ አስተናጋጇ መጥታ በትህትና «ተዉት ጌታዬ፣ የእኔ ሥራ ነው» አለችው። ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ያው የኛ ትግል። አጠገባችን ያሉት ወጣቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እየከፈሉ እኛን በግርምት ያዩናል። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ በእናትህ ዛሬ ልክፈል። እኔ የበላሁበትን ሳህን ሌላ ሰው ሲያጥብልኝ አንድ ቀን ልየው።»

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ከፈለ። ከዚያ ሁለት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለልጅቷ የሆነ ነገር ነገራት። ምን እንዳላት ስጠይቀው «ለአጣቢው እንድትሰጥልኝ» አለኝ።

የኤዠኒ ብራዚዬን ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው፤ በኋላ እኔም አነበብኩት። ሊዮን ውስጥ «እናቶች» የሚባሉ ባለሙያ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ በሀብታም ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ኋላ የራሳቸውን ምግብ ቤት የከፈቱ ናቸው። ብራዚዬ በ1895 ገጠር ተወለደች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እናቷ በልጅነቷ ሞተችባት፣ በሰው እርሻ እየተቀጠረች አደገች። ሳታገባ ስታረግዝ አባቷ ከቤት አባረራት። ከተማ ገብታ የቤት ሠራተኛ ሆነች፣ ወጥ ቤት ተማረች፣ በ1921 የራሷን ትንሽ ቤት ከፈተች። በ1933 ሁለቱ ምግብ ቤቶቿ ከሚሽላን መጽሐፍ ሦስት ሦስት ኮከብ አገኙ። ስድስት ኮከብ! ከእሷ በፊት ይሄን ያገኘ ወንድም ሴትም አልነበረም። ኋላ ዓለም ያደነቀው ፖል ቦኩዝ በወጣትነቱ እሷ ወጥ ቤት ሠርቷል። ቤቷ ዛሬም በስሟ ይጠራል፣ «ላ ሜር ብራዚዬ»፤ እማማ ብራዚዬ እንደማለት ነው።

ይሄን ሲነግረኝ እኔ የማስበው ስለ ፈረንሳይ አልነበረም። ከገጠር መጥታ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ወልዳ ተባርራ፣ በመጨረሻ አንድ ክፍል ተከራይታ ምግብ መሸጥ የጀመረች ሴት ኮልፌ ውስጥ ስንት አለች? ሽሮዋን ለመብላት ሰልፍ የምንጠብቅላት። ወር ሳይደርስ በዱቤ ያበላችን። እኔ ራሴ በጀማሪ አስተማሪነት ደመወዝ የቆምኩት በእንዲህ ያለች ሴት እጅ ነው፤ ደብተሯ ላይ ስሜ ከተማሪዎቼ ስም መዝገብ በላይ ተጽፏል። የእሷ ስም ግን የትም አልተጻፈም። ታፔላ እንኳ የላትም።

እቴጌ ጣይቱ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛትን ነውር አድርገውት ነበር ይባላል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው እየሄዱ፣ በልቶ መክፈልን አስለመዷቸው ይላሉ። መክፈሉንስ ለምደነዋል። የሠራችውን ሰው በስሟ መጥራት፣ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ መውጣት፣ ጓሮ ያለውን አጣቢ ማስታወስ ግን ገና ይቀረናል። ለዚህ ሊዮን መሄድ አያስፈልግም፣ ኮከብም አያስፈልግም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ መቼም ከእኔ አታመልጡም። እናንተን በችግራችሁ ቀን ያበላች፣ ሙያዋን የምታደንቋት አንዲት ባለ ምግብ ቤት ካለች ነገ ሂዱና አመስግኗት። ፈቃዷን ጠይቁና ስሟን፣ ሰፈሯንና የምትታወቅበትን ምግብ እዚህ ሥር ጻፉልኝ። የጾምና የፍስክ እያላችሁ ለዩልኝ። እኔም እየዞርኩ እቀምሳለሁ።

ማዕዳችሁ አይጉደል።