የጳጉሜን ልጅ

አዲስ ሰው ወደ ቡድናችን እንደሚቀላቀል የሰማነው፣ ሥራችን ከቀጠሮው ሁለት ወር ዘግይቶ የሁላችንም ፊት ጠቁሮ በሰነበተበት ሰሞን ነበር። አምስት ነበርን። አለቃችን ስድስተኛ ሶፍትዌር አበልጻጊ መቅጠራቸውን በደስታ ሲያበሥሩን እኔ በልቤ አጉረመረምኩ። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፍሬደሪክ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አምስት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚነጋገሩባቸው መንገዶች 10 ናቸው፤ አንድ ሰው ሲጨመር 15 ይሆናሉ። አዲስ መጪውን የሚያስተምረውም ያው ሥራ የበዛበት ነባሩ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ናት። እጇን ጨበጥኩ፤ ወንበሯን አሳየኋት፤ ለመለማመጃ የሚሆናትን ሰጠኋት። «ጥያቄ ካለሽ ጻፊው፤ ከሰዓት በኋላ እናየዋለን» ብያት ወደ ሥራዬ ዞርኩ። እንግዳ ተቀባይነታችንን በየአጋጣሚው የምናወድስ፣ የማናውቀውን መንገደኛ «ቡና ጠጣ» ብለን የምናስቀምጥ ሰዎች፣ መሥሪያ ቤት ስንገባ ይህንን ጠባያችንን ከኮታችን ጋር አውልቀን የምንሰቅለው ይመስለኛል።

ጥቂት ቆይታ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ የአዲሷን ልጅ ማኅደር ልትሞላ መጣች። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም ከዓመታት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«የትውልድ ቀን?»

«ጳጉሜን 3 ቀን 1993።»

ዝምታ ሆነ። «ጳጉሜንን አይቀበልም የኔ እህት። ነሐሴ 30 ብለን እንሙላው፤ ለሁሉም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«ነሐሴ 30 እኮ አልተወለድኩም» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም። «የተወለድኩት በሩፋኤል ዕለት ነው። እናቴ ዝናቡ ጠበል በሚሆንበት ቀን ወለድኩሽ ትለኛለች።»

ጆሮዬ ጋለ። ያን ፕሮግራም ስጽፍ ጊዜ አጥሮኝ ነበር። ለፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ የቀን መምረጫ ወስጄ፣ የወራቱን ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ተክቼ፣ አሥራ ሦስተኛዋን «በኋላ እጨምራታለሁ» ብዬ ተውኳት። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። «አምስት ቀን ናት፤ ስንት ሰው ይወለድባታል ብዬ ነው» አልኩ፣ ሳቅ ብዬ። ማንም አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄዎቿን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ መጣች። የመለማመጃው መዝገብ ይህንኑ ፕሮግራም ከገዛ ደንበኛ የተገኘ፣ የሰዎቹ ስም የተነሣበት ቅጂ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ነሐሴ 30 የተወለዱ ሰዎች ከሌላው ቀን ሁሉ ለምን በዙ?»

ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከእነዚህ ሰዎች ማን በእውነት ነሐሴ 30፣ ማን ደግሞ በጳጉሜን እንደተወለደ የሚለይ ኮድ የለም። አንዲት ወር መጨመር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተሰረዘን ልደት መመለስ ግን ባለቤቱን ፈልጎ መጠየቅን ይሻል።

ጳጉሜን የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ጭማሪ ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት በሠላሳ ሠላሳ ቀን ቢደመሩ 360 ብቻ ናቸው። ዓመቱን የምትሞላው ያቺ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስም ስድስት ቀን የምትሆነው ጭማሪ ናት። እሷ ባትኖር፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላ አቆጣጠራችን ከፀሐይ ዑደት በአንድ ወር ይርቃል፤ ውሎ አድሮ መስከረምና አደይ አበባ ይተላለፋሉ። እኔ ይህችን ጭማሪ ከቁጥር ሳላስገባ የቀረሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በኮዴ ውስጥ፣ አንዴም ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ።

ብሩክስ አልተሳሳተም። በዚያ ሳምንት ይበልጥ ዘገየን። ግን መጽሐፉን መደበቂያ አድርጌው እንደነበር አሁን ይገባኛል። አምስታችን ያንን ስሕተት በየቀኑ እናየው ነበር፤ ለምደነው ስለነበር ግን ስሕተት መሆኑ ቀርቶብን ነበር። ስሕተት ለመሆን ያልለመደው ሰው ያስፈልገው ኖሯል።

በማግስቱ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። አሥራ ሦስተኛዋን ወር አብረን ጨመርን፤ ዘመነ ሉቃስን እንዳልረሳ ያስታወሰችኝም እሷ ናት። ከዚያ ለደንበኛው ስልክ ደወልኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት፤ ከኮዱ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነበር።

በመጨረሻ የራሷን ማኅደር ከፍታ ጳጉሜን 3 ብላ ጻፈች። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበላት።

ቡና ልጋብዝሽ ብዬ ይዣት ወጣሁ። «እንኳን ደህና መጣሽ» ያልኳት ያኔ ነው፤ በመጣች በሁለተኛው ቀን።